ለእኔ የዘፈኑ ወንዶች

ስሜ አይዳ ነው። ያወጣችልኝ አክስቴ ናት፤ ከየት እንዳገኘችው ስትጠየቅ «ስሰማው ደስ አለኝ» ከማለት ሌላ መልስ አልነበራትም። አያቴ መሪጌታው ግን ስሙን አንድም ቀን አልጠሩትም፤ በክርስትና ስሜ ወለተ ማርያም እንዳሉኝ ኖረው አለፉ። እንዲህ ሆኖ አይዳ የሚለው ስም ከማንም ዜማ ጋር ሳይነካካ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆየ።

በ2004 መኸር (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ጣሊያን ውስጥ፣ ፓርማ ከተማ፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወጥቼ ደወል ደወልኩ። ሥራው ባዳንቴነት ነው። ጣሊያን የኖረች ሐበሻ ሴት ሁሉ ቃሉን ታውቀዋለች፤ አረጋዊ ማስታመም፣ ማጠብ፣ ማብላት፣ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት፣ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ዕረፍት። በሩን የከፈቱልኝ የሰባ ስምንት ዓመት ባልቴት ስሜን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። አገሬን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። የበሩን መቃን ይዘው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያም ወደ ደረጃው ብቅ ብለው ለጎረቤታቸው «ኢትዮጵያዊት አይዳ ላኩልኝ! የእውነቷን!» ብለው ጮኹ። እኔ ሻንጣዬን ከእጄ ሳላስቀምጥ ተቀየምኩ። እሳቸው ግን መኝታ ቤቴን እንኳ ሳያሳዩኝ እጄን ይዘው ወስደው ሸክላ ማጫወቻው ፊት አስቀመጡኝ።

የጁዜፔ ቨርዲ ኦፔራ «አይዳ» ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ካይሮ ውስጥ ዲሴምበር 24 ቀን 1871 ነው። ባለታሪኳ ግብፅ ውስጥ ምርኮኛ ሆና የምታገለግል የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፤ ራዳሜስ የተባለው ግብፃዊ የጦር ሰው ይወዳታል። መጋረጃው ከተከፈተ ጥቂት ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ፣ ራዳሜስን የሚጫወተው ቴነር (ከወንድ ድምፆች ከፍ ያለው) ጉሮሮውን ሳያሟሙቅ መድረክ ላይ ብቻውን ይቀርና ስለ እሷ ይዘፍናል። «ቼሌስቴ አይዳ» ብሎ ይጀምራል፤ ሰማያዊቷ አይዳ። የቀረውን ያን ዕለት አልተረዳሁትም፤ ጣሊያንኛዬ ገና ከገበያና ከፋርማሲ አላለፈም ነበር። ከወራት በኋላ ድንች እየላጥኩ ሳለ ድንገት ገባኝ፤ ቢላዋውን አስቀመጥኩት። «ያንን ውብ ሰማይሽን ልመልስልሽ እሻለሁ፤ የአገርሽን ምድር ጣፋጭ ነፋስ» ነው የሚለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ኦፔራውን ያዘዘውና የከፈለበት የግብፁ ገዥ ኬዲቭ እስማኤል ነው። መድረኩ ላይ የግብፅ ጦር ኢትዮጵያውያንን ድል አድርጎ፣ ምርኮኛ አስከትሎ፣ በረጃጅም መለከት ታጅቦ ይመለሳል። ይኸው ኬዲቭ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የእውነቱን ጦር ላከ፤ በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ደግሞ ጉራዕ ላይ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ድል መቱት። ይህን ለአሠሪዬ ለሲኞራ ስነግራቸው (ስማቸውን አልጽፍም፤ ሲኞራ፣ ወይዘሮ፣ ይበቃል) ጥቂት አሰቡና «ገንዘቡን ለቴነሮች ቢያውለው ይሻለው ነበር» አሉ።

ወደ ዘፈኑ ልመለስ። ጭንቁ ያለው መጨረሻው ላይ ነው። ራዳሜስ ለአይዳ ዙፋን ሊያቆምላት ይመኛል፤ «ቪቺኖ አል ሶል»፣ ከፀሐይ አጠገብ። እዚያ ላይ ድምፁ ላይኛው ሲ ቤሞል ወደሚባለው ከፍተኛ ኖታ ይወጣል። ቨርዲ ከኖታው ሥር የጻፈው ትእዛዝ ግልጽ ነው፦ እጅግ በቀስታ፣ እየሞተ እንደሚሄድ። ወንድ ልጅ እዚያ ከፍታ ላይ በጉልበት መድረስ ይችላል። በቀስታ ደርሶ፣ በቀስታ ማክሰም ግን ሌላ ነገር ነው። ሙሉ እንስራ አዝላ ዳገት የወጣች ሴት ታውቀዋለች፤ መውጣቱ አይደለም የሚያስፈራው፣ ጫፍ ላይ ደርሶ ጠብታ ሳያፈሱ ማውረዱ ነው። ስለዚህ አብዛኞቹ ቴነሮች የቨርዲን ትእዛዝ እንዳላዩ ሆነው ይጮኹታል። ቨርዲ ራሱ ለማይችሉት አንድ መውጫ ፈቅዶላቸዋል፤ ኖታውን በሙሉ ድምፅ ከዘፈኑ በኋላ ያንኑ ቃል ዝቅ አድርገው በለሆሳስ እንዲደግሙት። ሪቻርድ ተከር በ1949 በአርቱሮ ቶስካኒኒ መሪነት ያደረገው ይህንኑ ነው። ቶስካኒኒ የፓርማ ልጅ ነው፤ የተወለደበት ቤት ሙዚየም ሆኗል፣ እኛም ሐኪም ቤት ስንሄድ በአጠገቡ እናልፍ ነበር። ሲኞራ ባለፉ ቁጥር ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ እኛ ቤተ ክርስቲያን ስንሳለም እንደምናደርገው።

ሲኞራ የነገሩኝ ነገር ቶሎ የገባኝ በአያቴ ምክንያት ይመስለኛል። አያቴ ደብረ ብርሃን አጠገብ ዜማ ያስተምሩ ነበር። ተማሪው ድጓውን ይዞ ሲቀጽል እኔ ምድጃው ዳር ተኝቼ እሰማለሁ። ጉልበተኛ ድምፅ ያለው ተማሪ ርክርኩን ትቶ በጩኸት ካለፈ፣ አያቴ መቋሚያቸውን መሬት ላይ አንድ ጊዜ ይመቱና «ማንን ልታባርር ነው?» ይሉታል። ይህችን አባባል ሳልተረጉም አልቀረሁም፤ ሲኞራ ወደዷትና ለጎረቤቶቻቸው ሁሉ የራሳቸው አድርገው አወሯት።

ቤቱ ውስጥ ሁለት የሸክላ መደርደሪያዎች ነበሩ፤ የላይኛው የሟቹ የባላቸው፣ የታችኛው የእሳቸው። ባልየው የማሪዮ ዴል ሞናኮ ሰው ነበሩ። ሲኞራ የካርሎ ቤርጎንዚ። ሁለቱም ቴነሮች ናቸው። ሰውየው ከሞቱ ዓመታት ቢያልፉም ክርክሩ አልተዘጋም ነበር፤ ሲኞራ ቤርጎንዚን አስከፍተው ሲጨርሱ ወደ ፎቶግራፉ ዞረው «ሰማህ?» ይሉታል። የላይኛው መደርደሪያ የሚነካው በዓመት አንድ ጊዜ፣ በሙት ዓመታቸው ቀን ብቻ ነው። ያን ዕለት ሲኞራ ለነፍሳቸው ጸሎት ካስደረሱ በኋላ አንድ የዴል ሞናኮ ሸክላ ያስከፍቱኛል፤ ፊታቸውን ጨምድደው፣ መራራ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው፣ እስከ መጨረሻው ይሰሙታል።

እውነቱን ለመናገር ዴል ሞናኮን እኔ አልጠላሁትም። ድምፁ ናስ ነው። አዳራሽ ውስጥ የሚነፋ መለከት እንጂ የሰው ጉሮሮ አይመስልም። «ቼሌስቴ አይዳ»ን ሲዘፍን እኔን የሚያባብል ሳይሆን ክፍለ ጦሩን የሚያሰልፍ ነው የሚመስለው፤ የመጨረሻውን ኖታ ደግሞ እንደ ሰንደቅ ተክሎት ይሄዳል። ባልየው ግን መልስ ነበራቸው አሉ፦ «ራዳሜስ ወታደር ነው፤ ዲያቆን አይደለም።» ሦስተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ፣ ራዳሜስ አገሩን መክዳቱን አውቆ ለሊቀ ካህኑ እጁን ሲሰጥ፣ ዴል ሞናኮ የሚያወጣውን ድምፅ ስሰማ ሟቹ እውነታቸውን ነው እላለሁ። እዚያ ቦታ ላይ የሚደርስበት የለም።

ቤርጎንዚ የአካባቢው ልጅ ነው። በ1924 ከፓርማ ብዙም ሳይርቅ፣ የፖ ወንዝ ሜዳ ላይ ተወለደ፤ በልጅነቱ አባቱ በሚሠሩበት የፓርሚጃኖ አይብ ማምረቻ ሠርቷል፤ በጦርነቱ ዘመን ጀርመኖች አስረውታል። መድረክ ላይ የወጣው በ1948 ከቴነር ዝቅ በሚለው በባሪቶን ድምፅ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ድምፁ ያለው ሌላ ቦታ መሆኑን ተረድቶ፣ ራሱን በራሱ አስተምሮ፣ በ1951 ባሪ ከተማ ውስጥ ቴነር ሆኖ እንደገና ጀመረ። እስቲ አስቡት፤ አንድ ሰው በሃያ ስድስት ዓመቱ ጉሮሮውን ከምድር ቤት ወደ ፎቅ ሲያዛውር። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ በ1956 የተቀበለውም በራዳሜስነቱ ነው። በኋላ ቨርዲ ለቴነር የጻፋቸውን 31 አሪያዎች (አንድ ሰው ብቻውን የሚዘፍናቸውን የኦፔራ ዘፈኖች) በሙሉ ለብቻቸው አስቀረጸ፤ ቡሴቶ ከተማ ውስጥ ደግሞ በአንድ የቨርዲ ኦፔራ ስም የሰየመው ማረፊያ ነበረው። ሲኞራ እዚያ ቶርቴሊ የሚባለውን ፓስታ በልተዋል። ይህን ሲያወሩ ቁርባን የተቀበሉ ይመስላሉ።

በ1959 ሄርበርት ፎን ካራያን በመራው ቅጂ ላይ ቤርጎንዚን ስሙት። ድምፁ ትልቅ አይደለም፤ ቀለሙም ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ ደብዘዝ ያለ ነው። «ሰ»ን እንደ አገሩ ሰዎች ወፈር አድርጎ ወደ «ሸ» ያስጠጋታል። ግን እያንዳንዱ ስንኝ ከትንፋሽ ወደ ትንፋሽ ሲሻገር ስፌቱ አይታይም። የአገርሽን ነፋስ የሚለው ቦታ ላይ ድምፁን አያነሳም፤ ከጎንህ የተቀመጠ ሰው እንደሚናገረው ይናገረዋል። የመጨረሻውን ኖታ እንደተጻፈው በለስላሳው ይነካዋል። ለማን እንደሚዘፍን ታውቃለህ፤ ለእኔ ነው የሚዘፍነው።

ሆኖም የእኔ ሰው እሱ አይደለም። ይህን ለሲኞራ ለመናገር ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

የእኔን ቴነር፣ ፍራንኮ ኮሬሊን፣ ያገኘሁት በዕረፍቴ ሐሙስ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ገበያ በሁለት ዩሮ በገዛሁት ሲዲ ላይ ነው። በ1967 ሮም ውስጥ ዙቢን ሜህታ የመራው ቅጂ ነው፤ አይዳ የምትሆነው ቢርጊት ኒልሰን ናት። ሲኞራ ሽፋኑን ሲያዩ አፍንጫቸውን ነፉ። ኮሬሊ ቁመቱ የተረፈ፣ መልኩ የፊልም ተዋናይ ነበር፤ የዘመኑ ሰዎች «ባለ ወርቅ ጭን» ብለው ቅጽል አውጥተውለታል። «ሴቶቹ እግሩን እያዩ ነው ያጨበጨቡለት» አሉኝ። እኔ ግን እግሩን ሳላይ ነው የሰማሁት፤ ወጥ ቤት ውስጥ፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ ሲኞራ ሲተኙ።

ጥፋቱ ብዙ ነው። ቃላቱን ያኝካቸዋል፣ ልቡ የፈለገበት ቦታ ላይ ይቆማል፣ ከታች ወደ ላይ እየተንሸራተተ ይገባል፤ አያቴ መቋሚያቸውን ይሰብሩበት ነበር። ግን መጨረሻው ላይ የሚያደርገውን ማንም አያደርገውም። ያንን ሲ ቤሞል በሙሉ ኃይሉ ይመታዋል፤ እንግዲህ ይኸም እንደሌሎቹ ጮኸ ትላለህ። ከዚያ ሳይቆርጠው፣ ትንፋሽ ሳይጨምር፣ እየቀነሰው እየቀነሰው ይሄዳል፤ ክር እስኪሆን፣ ክሩም ጭስ እስኪሆን። አደባባይ ላይ ፍቅሩን ጮኾ ተናግሮ፣ ወዲያው አፍሮ ጆሮዬ ላይ የደገመው ሰው ይመስለኛል። የተጻፈው ይህ አይደለም፤ ቨርዲ ከመጀመሪያው በቀስታ ነው ያለው። ቢሆንም ራዳሜስ እንዲህ ያለ ሰው ይመስለኛል፤ መጀመሪያ የሚያደርግ፣ በኋላ የሚያስብ። ይህን ሰው መድረክ ከመውጣቱ በፊት ፍርሃት ያንቀጠቅጠው እንደነበር ባወቅሁ ጊዜ ደግሞ ጨርሶ ወደድኩት።

ሲኞራን ካሰማኋቸው በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «ይህ የሰርከስ ሥራ ነው» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ «እስቲ እንደገና» አሉ።

ስለ ሌሎቹ ቶሎ ቶሎ ልበል። ስዊድናዊው ዩሲ ቢዮርሊንግ ድምፁ ብቻ ቢመዘን ሁሉንም ይበልጣል፤ የብር ድምፅ ነው፣ ውስጡ እንባ ያለበት ብር። ገና በአርባ ዘጠኝ ዓመቱ በ1960 ሞተ። ግን አይዳን ከሩቅ የሚወዳት ይመስለኛል፤ ደብዳቤ እንጂ እጅ አይሰጥም። ኤንሪኮ ካሩሶን በ1911 ቅጂው ሰምቼዋለሁ፤ ያን ጊዜ ማይክሮፎን የለም፣ ዘፋኙ ቀንድ በሚመስል ማጉያ ፊት ቆሞ ነው የሚዘፍነው። በዚያ ሁሉ ፍጭርጭር ውስጥ የጥቁር ማር ድምፅ ይመጣል፤ ሌላውን ጆሮህ እንዲሞላው መፍቀድ አለብህ። ፕላሲዶ ዶሚንጎ ኦፔራውን በስቱዲዮ ብቻ አራት ጊዜ አስቀርጾታል፤ አራቱም ጊዜ አስቦበት ነው የገባው። ከሁሉም አዋቂው ተዋናይ እሱ ነው፤ ታዲያ ምን ላድርግ፣ እያሰበ የሚወደኝን ወንድ አልፈልግም።

ሉቺያኖ ፓቫሮቲን ግን እንዲህ በአጭሩ ማለፍ ነውር ነው፤ ጎረቤት ነበር። ሞዴና ከፓርማ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ናት። አባቱ ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ፤ እሳቸውም ቴነር ድምፅ ነበራቸው። ፓቫሮቲ በ1961 መድረክ የረገጠው በመካከላችን ባለችው ሬጆ ኤሚሊያ ነው። በ1972 ኒው ዮርክ ላይ በአንድ አሪያ ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ላይኛውን ዶ መትቶ ዓለምን አስደነገጠ። ድምፁ ማለዳ ነው። አናባቢዎቹ ታጥበው የተሰጡ ናቸው፤ ጣሊያንኛ ስማር ከእሱ የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም፣ አንድ ቃል እንኳ አይውጥም። ግን የራዳሜስ ሸክም ለእሱ አይደለም። በሕይወቱ አንዲት ሴት እንኳ እምቢ ያላለችው ወንድ ነው የሚመስለው፤ ሰማይሽን እመልስልሻለሁ ሲለኝ «መቼ?» ብዬ አልጠይቀውም፣ ደስ ብሎኝ እስቃለሁ እንጂ።

በሴፕቴምበር 2007 ሲሞት አስከሬኑ ሞዴና ካቴድራል ውስጥ ለስንብት ተቀመጠ። ሲኞራ ጥቁር ለብሰው «እንሄዳለን» አሉ። ሰልፉ አደባባዩን ሞልቶ ነበር። ከፊታችን አንዲት ሴት ከነልጆቿ፣ ከኋላችን የሥራ ልብሱን ያላወለቀ መካኒክ። ሰው በለሆሳስ ያወራል፤ ስለ ምን ይመስላችኋል? የትኛው ዓመት ላይ ድምፁ የበለጠ ንጹሕ እንደነበር ይከራከራሉ። የለቅሶ ቤት ወሬ ሁልጊዜም እንዲህ ነው። ሲኞራ ዱላቸውን ተደግፈው ሰዓታት ቆሙ፤ ወንበር ቢሰጧቸው እምቢ አሉ።

ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት፣ ዲሴምበር 10 ቀን 2006፣ ሚላን ላ ስካላ ላይ የሆነውን ብዙ ሰው ያስታውሰዋል። ሮቤርቶ አላኛ «ቼሌስቴ አይዳ»ን ጨርሶ ከላይኛው ሰገነት ፉጨትና ጩኸት ሲወርድበት፣ እጁን አንስቶ ተሰናብቶ ከመድረኩ ወጣ። ኦርኬስትራው አልቆመም። ተጠባባቂው አንቶኔሎ ፓሎምቢ ልብስ ለመቀየር ጊዜ ስላልነበረው በጂንስ ሱሪው ሮጦ ገብቶ ቀጠለ። ሲኞራ በዜና ሲሰሙ «ወታደር ከግንባር አይሸሽም!» ብለው ተቆጡ። እኔ ለአላኛ አዘንኩ። ሰገነቱን ፓርማ ውስጥ አይቼዋለሁ፤ የቴአትሮ ሬጆ የመጨረሻው ፎቅ ሎጆኔ ይባላል፣ ትኬቱ ርካሽ ነው፣ ተመልካቹ ጨካኝ። ኖታ በኖታ ያውቁታል፤ አንዳንዶቹ ለማድመጥ ሳይሆን ለመያዝ የሚመጡ ይመስላሉ። የሰው ጀርባ ሲያጥብ የሚውል ሰው ሲሰድቡት ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ፤ ባዳንቴ ነኝ።

አንድ በጋ ሲኞራ የቬሮናን ትኬት ገዙልኝ። ሮማውያን በሠሩት አሬና ውስጥ ይህ ኦፔራ ከ1913 ጀምሮ ይታያል። ድንጋዩ ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት ሌሊቱን ይተፋዋል፤ ሲጨልም ሰው ሁሉ ትንንሽ ሻማ ያበራል፣ ልክ እንደ ትንሣኤ ሌሊት። የአገሬን ምርኮኞች የሚጫወቱት ጣሊያናውያን ፊታቸውን ጥላሸት ቀብተው ገቡ። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ እነሱንም እኔንም አፈራርቀው አዩና ዓይናቸውን ወደ ፕሮግራሙ መለሱ። ቴነሩ ኖታውን ጮኸው።

የሲኞራ ጆሮ መድከም የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪሙ ሲያስረዳኝ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው አለ። በኋላ ስለ ዘፋኞች ድምፅ ሳነብ ነገሩ ይበልጥ አሳዘነኝ። የኦፔራ ዘፋኝ ያለ ማይክሮፎን ኦርኬስትራውን አልፎ የሚሰማው በጩኸት ብዛት አይደለም፤ በሠለጠነ ድምፅ ውስጥ 3000 ኸርዝ (በሰከንድ 3000 ንዝረት) አካባቢ የሚሰበሰብ ኃይል አለ፣ እዚያ ላይ ኦርኬስትራው ደካማ ነው፣ የሰው ጆሮ ደግሞ ንቁ ነው። የዚያ የመጨረሻው ሲ ቤሞል መሠረቱ 466 ኸርዝ ገደማ ብቻ ነው። ሲኞራ እንግዲህ ኖታውን ይሰሙታል፤ የሚያበራውን ግን አይሰሙም። ቴነሩ ዮናስ ካውፍማን በ2015 ባስቀረጸው ቅጂ ላይ ያንን ኖታ እንደተጻፈው በቀስታ አክስሞ ሲዘጋው ክፍሉ ውስጥ የሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሲኞራ ከንፈሬን እያዩ ጠበቁ። «እንዴት ዘጋው?» አሉ። ነገርኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ይህ ሆነ። ሬዲዮው ከአንድ ቲያትር ኦፔራ ሲያስተላልፍ ሲኞራ መዳፋቸውን በእንጨቱ ሣጥን ላይ ያደርጋሉ፣ እኔ ጆሮ እሆናቸዋለሁ። አንድ ምሽት አንድ ወጣት ቴነር ያንን ኖታ እንደ ገበያ ጩኸት ጮኸው። ሲኞራ ደክሟቸው ስለነበር ላሳዝናቸው አልፈለግሁም። «እንዴት ዘጋው?» አሉኝ።

«በቀስታ። እንደተጻፈው።»

መዳፋቸውን ከሣጥኑ ላይ አላነሱም። «ውሸታም» አሉ። «ጭብጨባው ሳይጨርስ መጣ። በቀስታ የዘጋ ሰው መጀመሪያ ዝምታ ነው የሚያገኘው።»

አፍሬ ሬዲዮውን ዘጋሁት። ሲኞራ ጥቂት ቆይተው በዱላቸው ወደ ላይኛው መደርደሪያ ጠቆሙኝ። «የእሱን አምጪው» አሉ። «እሱ ይሰማኛል።»

የሙት ዓመታቸው ገና አልደረሰም ነበር።